የጎልፍ ዱላ የት ሞክሮ መግዛት ይሻላል? ከአዲስ አበባ ዳር ለምንኖር ተጫዋቾች

አዲስ ድራይቨር፣ ኳሱን ሩቅ ለመላክ የምንመታበትን ረጅሙን የጎልፍ ዱላ፣ መግዛት ቀላል ወጪ አይደለም። የታወቁ ብራንዶች አዲስ ምርት ውጭ አገር ከ500 ዶላር በላይ ይሸጣል። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጭንቁ ዋጋው ብቻ አይደለም። ዕቃው የሚመጣው በሰው እጅ ነው። የአክስት ልጅ ከዱባይ ይይዘዋል። ወንድም ከአሜሪካ ይልከዋል። ናይሮቢ ለስብሰባ የሄደ የሥራ ባልደረባ ከሻንጣው ጋር ያመጣዋል። አንዴ ቦሌን ካለፈ በኋላ "አልተስማማኝም፣ መልሱልኝ" ማለት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሙከራው ከግዢው በፊት ማለቅ አለበት።

የት ነው የሚሞከረው? በተግባር ያለን ምርጫ አራት ነው። አንደኛው ብራንዶቹ በልምምድ ሜዳ ላይ የሚያዘጋጁት የሙከራ ቀን ነው፤ ዴሞ ዴይ የሚሉት። ሁለተኛው የጎልፍ ሱቅ ውስጥ በቀጠሮ የሚደረግ ፊቲንግ ነው፤ ለእናንተ ልክ የሚሆነውን ዱላ መለካት ማለት ነው። ሦስተኛው እዚሁ አካባቢያችን አሰልጣኝ ወይም ጓደኛ ዘንድ ያሉትን ዱላዎች መሞከር ነው። አራተኛው ምንም ሳይሞክሩ ማዘዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መጓዝ ግድ ነው። ሦስተኛው በእጃችን ነው። አራተኛውን ብዙ ሰው የሚያደርገው ሌላው ስላልተመቸው ነው።

እኔ እነዚህን የማወዳድረው በመስተንግዷቸው ነው። ድንኳኑ ማማሩ፣ ማሽኑ ዘመናዊ መሆኑ ለእኔ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ዱላው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ አልቋል። ለእናንተ የሚሆነውን ከመቶ ዓይነት መሃል አውጥቶ የሚሰጣችሁ ከፊታችሁ የቆመው ሰው ነው። ያ ሰው ዱላ ከማቀበሉ በፊት ምን ጠየቃችሁ? ይህን አንድ ነገር ልብ ካላችሁ ሌላው ሁሉ ይገለጥላችኋል።

ጎበዝ አስተናጋጅ በወር ስንት ጊዜ እንደምትጫወቱ ይጠይቃል። አሁን በምን እንደምትመቱ፣ ኳሱ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ እንደሚሸሽባችሁ፣ ወገብ ወይም ክንድ ያማችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። ምን ያህል ለማውጣት እንዳሰባችሁ በጨዋ ደንብ ይጠይቃል። ከእኛ ዓይነቱ ደጋ ነዋሪ ጋር ሲሆን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ የምትጫወቱት ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ነው? ይህን ሳይነገረው የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ሙያውን ያውቃል።

የብራንዶች የሙከራ ቀን

አሠራሩ እንዲህ ነው። የልምምድ ሜዳው ዳር ላይ ድንኳኖች ይተከላሉ። እያንዳንዱ ብራንድ የዱላ ራሶችና ሻፍቶች (ራሱ የሚገጠምባቸው ዘንጎች) የተደረደሩበት ጋሪ ይዞ ይቀርባል። ራሱና ሻፍቱ በትንሽ መፍቻ ይገጠማሉ፣ ይፈታሉ። አንዱን ራስ በሦስት ዓይነት ሻፍት መሞከር የደቂቃዎች ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። ዱባይ፣ እንግሊዝና አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በቀላሉ ያገኙታል።

ትልቁ ጥቅሙ ብዙ ብራንድ በአንድ ቀን ጎን ለጎን መያዝ መቻሉ ነው። የመምታቱን ስሜት ማሽን አይነግራችሁም፤ እጃችሁ ነው የሚነግራችሁ። ሣር ላይ ቆማችሁ የኳሱን ሙሉ በረራ ማየታችሁም ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ነገር ነው።

ችግሩ ወረፋው ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሄዳችሁ ተራችሁ ሲደርስ ከኋላችሁ ሰው ቆሞ ይተነፍስባችኋል። አስተናጋጁ እናንተን እያናገረ ዓይኑ ቀጣዩ ሰው ላይ ነው። እንዲህ ባለ ጥድፊያ የተመረጠ ዱላ የማን ምርጫ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ቀጠሮ የሚሰጠውን የሙከራ ቀን ምረጡ። ካልሆነ በሥራ ቀን ሂዱ፤ ወይም በሩ እንደተከፈተ ድረሱ።

ሌላው፣ እያንዳንዱ አስተናጋጅ የሚያውቀው የራሱን ብራንድ ነው። ይህ ነውር አይደለም፣ ሥራው ነው። ነገር ግን ከሌላው ጋር አወዳድርልኝ ስትሉት ሚዛኑ ወደ ራሱ እንደሚያደላ አውቃችሁ ስሙት።

መልካሙን ከመጥፎው የምለይበት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። መልካሙ "እስቲ መጀመሪያ የራስዎን ዱላ ይምቱልኝ" ይላል። የራስ ዱላ ካልተመታ አዲሱ ከምን ጋር ይወዳደራል? ስለዚህ ቢያንስ የራሳችሁን ሰባት ቁጥር አይረን (በቁጥር ከሚለዩት ባለ ብረት ራስ ዱላዎች አንዱን) እና ድራይቨር ይዛችሁ ሂዱ። ዘመድ ለእናንተ የሚሞክርላችሁ ከሆነ ግን ይህ አይሆንም። እሱ የሚሞክረው በራሱ ቁመትና በራሱ ጉልበት ነው። ለእሱ ያማረው ለእናንተ ያምራል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው መለያ ሎፍት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሎፍት ማለት የዱላው ፊት ወደ ኋላ የጋደለበት ማዕዘን ነው። አንሶ ሲገኝ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይርቃል። በዛ ሲል ከፍ ብሎ ያጥራል። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ርቀት ላይ ያተኮሩ አይረኖች ሰባት ቁጥራቸው 28 ወይም 29 ዲግሪ ነው። ቤታችሁ ያለው የቆየ ሰባት ቁጥር 34 ወይም 35 ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ዱላው አንድ አይደለም። አስተናጋጁ "አዩ? በአሥራ አምስት ሜትር በለጠ!" ሲላችሁ ከመደነቃችሁ በፊት "ሎፍቱ ስንት ነው?" በሉት። ጥሩው ሰው ፈገግ ብሎ ቁጥሩን ይነግራችኋል። ኳሱ ሲያርፍ ይቆምላችሁ እንደሆነም ያሳያችኋል። ሌላው ወሬ ይቀይራል። ወሬ የሚቀይረውን አመስግናችሁ እለፉ።

ሴት ተጫዋቾች ላይ የሚደርሰው ነገር ግን ያናድደኛል። ለገጣፎ አብራን የምትጫወት አንዲት እህት አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስፖርተኛ ናት፣ ስትመታ ጅራፍ ነው የሚመስለው። ዱባይ የሙከራ ቀን አብረን ሄድን። የመጀመሪያው ድንኳን ውስጥ ያለው ልጅ አየት አደረጋትና ምንም ሳይጠይቅ የሴቶች የሚባለውን በጣም ለስላሳ ሻፍት አቀበላት። ኳሷ ሁሉ ወደ ግራ ተጠቀለለ። "ትንሽ ቀስ ብለሽ ምቺ" አላት። ችግሩ ዱላው ሆኖ ሳለ እሷን ሊያርም ገባ። ሁለተኛው ድንኳን ላይ የነበረው ግን በራሷ ድራይቨር አስመታት፣ ፍጥነቷን ለካ፣ ከዚያ ጠንከር ያለውን ሬጉላር ሻፍት ገጠመላት። ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄደ። የዱላው ዋጋ ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም ነበር። የትኛው ጋር ገንዘቧን እንዳወጣች መናገር አያስፈልገኝም።

ሻፍት የሚመረጠው በመምቻ ፍጥነት እንጂ በጾታ ወይም በዕድሜ አይደለም። ከለስላሳ ወደ ጠንካራ ሌዲስ፣ ሲኒየር፣ ሬጉላር፣ ስቲፍ፣ ኤክስትራ ስቲፍ እየተባለ ይሄዳል። የድራይቨር ፍጥነታቸው በሰዓት ከ85 እስከ 95 ማይል አካባቢ የሆኑ ብዙውን ጊዜ ሬጉላር ይስማማቸዋል። ከዚያ በላይ የሆኑ ወደ ስቲፍ ይሄዳሉ። ይህም ቢሆን በኩባንያዎቹ መካከል አንድ ወጥ መለኪያ የለም። የአንዱ ሬጉላር የሌላውን ስቲፍ ሊያህል ይችላል። ለዚህ ነው "እኔ ስቲፍ ነኝ" ብሎ ዝም ብሎ ማዘዝ የማያዋጣው።

ሱቅ ውስጥ በቀጠሮ

ይህኛው ጸጥ ያለ ነው። አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ አንድ ባለሙያ የእናንተ ብቻ ይሆናል። ብዙ ብራንድ የሚሸጥ ሱቅ ከሆነ አንዱን ከሌላው ለማስበለጥ ያለው ጉጉት ከድንኳኑ ይልቅ ይቀንሳል። አንዳንዱ ሱቅ ለፊቲንጉ ያስከፍልና ዱላ ከገዛችሁ ከዋጋው ይቀንስላችኋል። ሌላው አይቀንስም። ይህን አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ። ዋጋውን በግልጽ የማይናገር ሱቅ ሌላውንም ነገር በግልጽ አይናገርም።

ሱቅ ውስጥ ኳሱ የሚመታው ሸራ ላይ ነው። የምታዩት በረራ የማሽኑ ስሌት ነው። ማሽኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። እንደ ትራክማን ያሉት በራዳር ይከታተላሉ። ሌሎቹ በካሜራ ኳሱ ሲነሳ ፎቶ አንስተው ያሰላሉ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ስክሪኑ ላይ ብዙ ቁጥር ይደረደራል፤ እናንተ ሁለት ሦስቱን ያዙ። አንዱ ኳሱ በአየር ላይ የሄደበት ርቀት ነው። ከተንከባለለው ጋር ተደምሮ የሚነገራችሁን ርቀት እርሱት፤ መንከባለል የሜዳው ጉዳይ ነው። ሌላው በደንብ የተመታችውን አንዷን ኳስ ትታችሁ የሁሉንም ስርጭት ማየት ነው። አንድ ጊዜ 230 ሜትር፣ አንድ ጊዜ ጫካ ውስጥ ከሚልክ ዱላ ሁልጊዜ 210 ላይ የሚያሳርፍ ይሻላል። ደህና ባለሙያ ይህን ራሱ ያነሳላችኋል። አሻሻጭ የሆነው ግን ረጅሟን ኳስ ብቻ ስክሪኑ ላይ ትቶ ሌላውን ያጠፋል። ስታዩት "የተሰረዙትንም አሳየኝ" በሉት።

ምንጣፉንም አትመኑት። ሣር ላይ ብትሆኑ ዱላችሁ ከኳሱ ቀድሞ አፈር ይቆፍርና ኳሱ እዚያው አጠገባችሁ ይወድቅ ነበር። ምንጣፍ ላይ ግን ዱላው ይንሸራተትና ደህና የመታችሁ ይመስላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ከፍታ። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሱሉልታ ከእሷም ይበልጣል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ኳሱን የሚገታው ነገር ይቀንሳል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ ኳሱ ከ1 በመቶ ትንሽ በለጥ ያለ ርቀት ይጨምራል። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ስለዚህ እዚያ በአየር ላይ 150 ሜትር የሄደ ኳስ እኛ ጋ 163 ወይም 165 ሊሄድ ይችላል። ናይሮቢ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ለእኛ ቀረብ ትላለች። ካረን ወይም ሙታይጋ የመሳሰሉ የናይሮቢ ሜዳዎች ላይ ደንበኛ የሚያስተናግድ ባለሙያ ስለ ከፍታ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ርቀቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ስስ አየር ኳሱን ወደ ላይ የሚያነሳውንም ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይበርና ሲያርፍ ይንከባለላል። መጠምዘዙም ይቀንሳል። ዱባይ ላይ ወደ ቀኝ ክፉኛ የሚታጠፍ ኳስ እዚህ ቀለል ሊል ይችላል። ታዲያ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ አስተናጋጅ "ኳስዎ በጣም ከፍ አለ፣ ሎፍቱን ወደ 9 ዲግሪ እናውርደው" ቢላችሁ ለእዚያ ልክ ሊሆን ይችላል። ለሱሉልታ ግን ትንሽ ከፍ ብሎ የሚነሳው ይሻላል። እንደ ትራክማን ያሉት ማሽኖች ከፍታና ሙቀት ቀይሮ የማስላት ችሎታ አላቸው። "የምጫወተው 2,500 ሜትር ላይ ነው፣ እባክህ በዚያ አስላልኝ" በሉ። አንድ ጊዜ አንዲት የአገራችን ልጅ የምትሠራበት ሱቅ ገብቼ ይህን ስነግራት "ወይ ጉድ፣ ደግ አስታወስከኝ" ብላ ወዲያው ቀየረችው። ቁጥሮቹ ሁሉ ተቀያየሩ፣ እኔም ለመግዛት ያሰብኩትን ትቼ ባለ 10.5 ዲግሪውን ያዝኩ። ሌላ ሱቅ ውስጥ ግን ይህንኑ ስጠይቅ "አያስፈልግም፣ ልዩነት የለውም" ተባልኩ። ልዩነት አለው።

እዚሁ ሜዳችን ላይ

የምወደው ይህን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላብዛው።

ከከተማ ወጣ ሲባል ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። ካዲ ሆነው ጀምረው ዛሬ የሚያሠለጥኑ ወንድሞችም አሉ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ዓመት የብዙ ሰው ቦርሳ ተሸክመዋል። የሰው አመታት ከሩቅ አይተው የሚያውቁ ናቸው። ማሽን የላቸውም። ቦርሳቸው ውስጥ ያለው ዱላ የተቀላቀለ ነው፤ አንዱ ከጃፓን ዲፕሎማት የተገዛ፣ አንዱ ካናዳ የሚኖር ሰው ትቶት የሄደ። ያ መቀላቀሉ ለሙከራ ይጠቅማል። ብረት ሻፍትና ግራፋይት ሻፍት፣ ረጅምና አጭር፣ ወፍራምና ቀጭን ግሪፕ (የዱላው መያዣ) በአንድ ጠዋት ታያላችሁ። የአይረን ብረት ሻፍት ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 130 ግራም ነው። ግራፋይቱ ከዚያ በብዙ ይቀላል። ክንዱን የሚያመው ሰው ልዩነቱን ከጥቂት ምት በኋላ ይነግራችኋል።

ወደ ሱሉልታ በኩል አንድ የማውቀው አሰልጣኝ የሚሠራውን ላሳያችሁ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ሊሞክሩ መጡ። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ትንሽ እንንሸራሸር" አላቸው። ሲራመዱ ጉልበታቸውን እያየ ነበር። ከዚያ ኪሱ ውስጥ ካለው ማርከር ጋር አንድ ኳስ አወጣ። ኳሱ ላይ ወፍራም መስመር አሰመረ። መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆምና ወደ ዱላው ፊት እንዲዞር አድርጎ አስቀመጠው። "ይምቱት ጋሼ።" መቱት። ዱላውን ተቀብሎ ፊቱን አሳያቸው። የማርከሩ ቀለም ብረቱ ላይ ታትሟል፤ ግን አዘንብሏል። "አዩ? ይሄ መስመር ቀጥ ቢል ኖሮ የዱላው አቀማመጥ ልክዎ ነበር። አሁን ዱላው ለቁመትዎ አልሆነም፤ እርስዎ ጥፋት የለብዎትም" አላቸው። ሁለት ዱላ ቀይሮ ሦስተኛው ላይ መስመሩ ቀጥ አለ። ድራይቨር ላይ ሲደርሱ ደግሞ የሕፃን ፓውደር ፊቱ ላይ ነሰነሰ። ኳሱ የነካበት ቦታ ክብ ሆኖ ወጣ። ጋሼ መሃሉን ትተው ጫፉን እየመቱ ነበር። አጠር ያለ ዱላ ሰጣቸው፣ ክቡ ወደ መሃል ገባ። ሙከራው ሁሉ የማርከርና የፓውደር ዋጋ ነው የጠየቀው። ውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎችም ቢሆኑ በዚሁ ብልሃት ይጠቀማሉ።

በዚያ ላይ አፈሩ የራሳችን ነው። ይህ በተለይ ለዌጅ፣ ኳሱን በአጭር ርቀት ከፍ አድርጎ ለሚያሳርፈው ዱላ፣ ወሳኝ ነው። የዌጅ ታችኛው ገጽ ባውንስ የሚባል ማዕዘን አለው። ባውንሱ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ከ10 ዲግሪ በላይ እንበል፣ ለስላሳ መሬት ውስጥ አይሰምጥም። ዝቅ ያለው፣ 4 ወይም 6 ዲግሪ የሆነው፣ ደረቅ መሬት ላይ ኳሱ ሥር ይገባል። ክረምት ሐምሌና ነሐሴ መሬቱ ጭቃ ነው። በበጋ ደግሞ ያው ጥቁር አፈር ደርቆ ይሰነጠቃል፣ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ዱባይ ላይ በየቀኑ ውኃ የሚጠጣ ሣር ላይ የተሞከረ ዌጅ ይህን ሁሉ አያውቅም። አንድ ዌጅ ብቻ የምትገዙ ከሆነ መካከለኛውን፣ 8 ወይም 10 ዲግሪውን ውሰዱ።

የዚህ ምርጫ ደካማ ጎን ሁለት ነው። የዘንድሮ ሞዴል አይገኝም። ይሄኛው ብዙም አያስጨንቅም፤ የቁመት፣ የሻፍትና የግሪፕ ልካችሁን ካወቃችሁ ሞዴሉን ሌላ ቦታ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው፤ እሱ ከባድ ነው።

ይሉኝታ በሙከራ ቀን ኪስ ያራቁታል። ሰውየው ፀሐይ ላይ ቆሞ አንድ ሰዓት ደከመላችሁ፤ ዱላ ቀያየረ፣ ኳስ ለቀመ። ከዚያ የሚሸጠው ዱላ አለው። ባዶ እጅ መሄድ ይከብዳል። "በቃ ይሁን" ተብሎ የማይሆን ዱላ ይገዛል። በውጭም ያው ነው፣ ነገር ግን እዚያ አስተናጋጁን ዳግመኛ አታዩትም። እዚህ ግን ነገም እሱው ነው፣ ሠርግ ላይ ሁሉ ልትገናኙ ትችላላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ገና ስትጀምሩ የጊዜውን ዋጋ ተነጋገሩ። "ወንድሜ፣ ለሙከራው የድካምህን እከፍልሃለሁ፤ ዱላውን የመግዛቱ ነገር ለብቻው ይሁን" በሉ። ክፈሉት፣ ሁለታችሁም ነፃ ትወጣላችሁ። ይህን ሲሰማ ፊቱ የሚፈታ አሰልጣኝ በእርግጥ ሊያግዛችሁ ይፈልጋል። ዱላውን ለመሸጥ ብቻ የመጣው "ኧረ አያስፈልግም፣ ብቻ ዱላውን ውሰጂ" ወይም "ውሰድ" ይላል። ያኔ ጠንቀቅ በሉ።

ሜዳው የግጦሽ ከሆነ ከብትና ሕፃናት እስኪያልፉ ቁሙ። የሜዳውን ባለቤትም አስፈቅዱ። ጥሩ አሰልጣኝ ይህን ከእናንተ ቀድሞ ያደርጋል፤ ካላደረገ ደንበኛውንም እንዲሁ ነው የሚይዘው።

ሳይሞክሩ ማዘዝ

አጭር ነው የምለው። ድራይቨር ሳትሞክሩ አትዘዙ። ሙሉ የአይረን ስብስብም አትዘዙ። ፓተር (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የምናንከባልልበት ዱላ) እና አንድ ዌጅ ግን ቁመቱን ካወቃችሁ ያን ያህል አደጋ የለውም። ስትልኩ ሦስት ልክ ላኩ፤ ቁመታችሁን፣ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ከእጅ አንጓችሁ እስከ ወለሉ ያለውን ርቀት፣ የጓንት ቁጥራችሁን። ብዙ ሻጮች ከዚህ ተነስተው የዱላውን ርዝመትና የግሪፑን ውፍረት ይገምታሉ። እነዚህን ሳይጠይቅ "ለወንድ ነው? እሺ" ብሎ የሚልክ ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት።

በዋጋ በጣም የረከሰ አዲስ ዱላ ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ የታወቁ ብራንዶች አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። ዘመዳችሁ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ይያዝ። ቲታኒየም ነው የተባለ የድራይቨር ፊት ማግኔት ከያዘ ቲታኒየም አይደለም። አንገቱ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥርም ፎቶ ተነስቶ ይላክላችሁ። ሐቀኛ ሻጭ ፎቶ ለማንሳት አያንገራግርም።

ታዲያ የቱን?

ገና ለጀመረ ሰው ያለ ማመንታት ሜዳችን ላይ ከአሰልጣኝ ጋር እላለሁ። ጀማሪ አመታቱ በየወሩ ይለወጣል። ዛሬ ዱባይ የተለካለት ዱላ ከስድስት ወር በኋላ አይሆነውም። ለእሱ ግማሽ ስብስብ ያገለገለ ዱላ ይበቃዋል። ደንቡ የሚፈቅደው እስከ 14 ዱላ ነው እንጂ 14 ይኑራችሁ አላለም።

አመታቱ ለረጋና ድራይቨር ወይም አይረን ለመቀየር ለወሰነ ሰው ሱቅ ውስጥ በቀጠሮ የሚደረገው ይበልጣል። ከፍታውን ማሽኑ ላይ የሚያስገባላችሁ ሱቅ መሆኑን በስልክ አረጋግጡ። ከዚያ በፊት ግን ከአሰልጣኛችሁ ጋር ማርከሩንና ፓውደሩን ሞክራችሁ ልካችሁን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀቱን ተቀብሎ የሚያነብ ባለሙያ እና "እሱን ተዉት" ብሎ ወደ ጎን የሚያደርግ ባለሙያ አንድ አይደሉም።

የሙከራ ቀን የሚጠቅመው ሦስትና አራት ብራንድ መሃል ለሚያመነታ ሰው ነው። እዚያው ቀን አትግዙ። የወደዳችሁትን ራስ ስም፣ ሎፍቱንና ሻፍቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ወደ ቤት ሂዱ። "ዛሬ ካልገዙ ቅናሹ ያልፋል" የሚላችሁ ቢመጣም አትደናገጡ። ወቅቱ ሲያልቅ ለሙከራ ያገለገሉት ዱላዎች ራሳቸው በቅናሽ ሊሸጡ ይችላሉ፤ ስልክ ቁጥራችሁን ትታችሁ "ሲሸጥ ደውሉልኝ" ማለት ይቻላል።

ግራኝ ከሆናችሁ በየትኛውም ምርጫ አስቀድማችሁ ደውሉ። የግራ እጅ ዱላ በብዛት አይያዝም። ቦታው ድረስ ሄዶ "ይቅርታ፣ አንድ ብቻ ነው ያለን" መባል ያሳዝናል። ለልጅም እንዲሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የልጅ ዱላ የሚመረጠው በቁመት እንጂ በዕድሜ አይደለም። የአዋቂ ዱላ ቆርጦ መስጠት ብዙ ሰው ይሞክራል፤ ግን ሻፍቱ ሲያጥር የባሰ ይጠነክራል፣ ራሱም ለልጅ ክንድ ከባድ ነው። ልጃችሁን የሚያስተናግደው ሰው በርከክ ብሎ በልጁ ቁመት ልክ ካነጋገረው፣ ዱላውን ራሱ እንዲመርጥ ከፈቀደለት፣ ስትመርጡ እሱን አስቀድሙት።